ግራኙ ልጅ በቀኝ መስመር

ልጆቻችንን ኳስ ሜዳ ድረስ ሸኝተን ዳር ላይ የምንቆም ወላጆችና አያቶች በዝተናል። በእኛ ጊዜ ኳስ የሚጫወት ልጅ ከቤት ተደብቆ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ታኬታ ተገዝቶለት፣ ውሃ ተይዞለት፣ አባቱ ራሱ ይወስደዋል። መልካም ለውጥ ነው። ዳር የቆመ ወላጅ ግን አፉ ዝም አይልም። ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ደጋግሜ የምሰማው ደግሞ “ልጄን ለምን እዚያ በኩል አሰለፉት?” የሚለውን ነው። በተለይ የመስመር ተጫዋች የሆነ ልጅ ያላችሁ ነገሩ ይገባችኋል።

በእኛ ቤት ይኸው ጥያቄ ለገና ተነስቶ እስከ ጥምቀት ሳይበርድ ቆየ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የምኖረው ጋይንት ውስጥ ሲሆን ቤቴ ከቤተ ልሔም ብዙም አይርቅም። አዲስ አበባ የሚኖረው ልጄ ቤተሰቡን ይዞ ለበዓል ሲመጣ የ12 ዓመቱ የልጅ ልጄም አብሮ መጣ። ልጁ ግራኝ ነው። በግራ እጁ ይጽፋል፣ በግራ እግሩ ይመታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰለጥንበት የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ግን አሰልጣኙ የሚያሰልፈው በቀኝ መስመር ነው። አባቱን ያንገበገበው ይህ ነው።

“አባባ፣ እስቲ አንቱ ፍረዱኝ” አለኝ ገና ቡናው ሳይወርድ። “ግራ እግር ያለው ልጅ በቀኝ ይሰለፋል? በግራ ቢቆም እኮ እንደ ልቡ ያሻማ ነበር። ሰውዬው ወይ ኳስ አያውቅም፣ ወይ ግራውን ለሌላ ሰው ልጅ ይዞለታል።”

ልጁ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አንገቱን ሳያቀና በስንጥር አመድ ይጭር ነበር። ማታ ምራቴ ለብቻዬ የነገረችኝ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት በደረሰ ቁጥር “ሆዴን አመመኝ” ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ሐኪም አይቶታል፤ ሆዱ ደህና ነው።

ዳር መቆም ምን ይጠቅማል?

ደረጃውን የጠበቀ የኳስ ሜዳ 105 ሜትር ርዝመትና 68 ሜትር ስፋት አለው። የግቡ ስፋት ግን 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከጎን መስመሩ እስከ ቅርቡ የግብ ቋሚ ድረስ 30 ሜትር ያህል ይቀራል ማለት ነው። ታዲያ ግቡ እዚያ መሃል ሆኖ ሳለ ሰው ለምን ዳር ላይ ይቆማል?

ተከላካዮች ተጠጋግተው ከቆሙ በመካከላቸው የሚያልፍ ነገር የለም። ዳር የቆመ አጥቂ ካለ ግን አንዱ ተከላካይ ወደ እሱ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ሲወጣ ከጓደኛው ጋር ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ በዚያ ክፍተት ሌላው ይገባበታል። የመስመር ተጫዋች ኳስ ሳይነካም ሥራ ላይ ነው። ወላጅ ይህ አይታየውም። “ልጄን ኳስ ነፈጉት” ይላል።

የእኛ አገር ሜዳ ደግሞ በቴሌቪዥን እንደምናየው ለጥ ያለ አይደለም። ገብሱና ስንዴው ከታጨደ በኋላ ማሳው ለልጆች ይለቀቃል። አንዱ ጎን ሽቅብ፣ ሌላው ጎን ወደ ገደሉ ያዘነበለ ነው። ኳስ ምንጊዜም ወደ ታች ስለምትወርድ በላይኛው መስመር የቆመ ልጅ ኳስ እንደናፈቀው ይውላል። የታችኛው ኳስ ይጠግባል። ያመለጠችውን ግን እስከ ገደሉ አፋፍ ሮጦ የማምጣት ዕዳም የእሱ ነው። እኛ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን በሠራናት ኳስ ስንጫወት የታችኛው መስመር የሚሰጠው ሁልጊዜ ለትንሹ ልጅ ነበር። ንፋስ መውጫ ከተማ ላይማ ስሟ እንደሚናገረው ነፋሱም ተጫዋች ነው። ተማሪዎቼን ለውድድር ወደዚያ ስወስድ መጀመሪያ የማየው የተጋጣሚን ቡድን ሳይሆን የዛፉን ቅጠል ነበር። ነፋስ ከፊቱ የሚመጣበት ልጅ ያሻማት ኳስ ተመልሳ ራሱ ጋ ልትወድቅ ትችላለች።

ሰባት ቁጥርና አሥራ አንድ ቁጥር

የእኔ እኩዮች የምናውቀው የድሮውን አሠራር ነው። 7 ቁጥር የለበሰ በቀኝ፣ 11 ቁጥር የለበሰ በግራ። ቀኝ እግር ያለው በቀኝ፣ ግራ እግር ያለው በግራ ይቆማል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀኝ እግረኛ በቀኝ መስመር ሲሮጥ ኳሷ ከተከላካዩ በራቀው እግሩ ላይ ስለምትሆን ሰውነቱ መሃል ላይ አጥር ይሆንለታል። ጥግ ደርሶ ሲያሻማም ኳሷ ከበረኛው እየሸሸች ወደሚመጣው አጥቂ ግንባር ትዞራለች። መሃል ላይ በቴስታ የሚያገባ ሰው ካለ ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለም።

ብሔራዊ ቡድናችን በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ሲያነሳና አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ሲቀበል፣ እኔ ወሬው ዘግይቶ የደረሰው የገጠር ልጅ ነበርኩ። በዚያው በፈረንጆቹ 1962 ዓመት ብራዚል ቺሊ ላይ የዓለም ዋንጫን የወሰደችው በአንድ የቀኝ መስመር ተጫዋች ትከሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋሪንቻ ይባላል። ሁለቱም እግሮቹ የተጣመሙ፣ አንዱም ከሌላው ያጠረ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ ወደ አንዱ ማሠልጠኛ ቢመጣ ከበር የሚመልሰው ይበዛ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከእሱ በፊት ደግሞ እንግሊዛዊው ስታንሊ ማቲውስ በቀኝ መስመር እስከ 50 ዓመቱ ተጫውቷል። የመጀመሪያው ባሎን ዶር በ1956 የተሰጠው ለእሱ ነው። የእናንተ ልጆች ከሚያውቋቸው የዚህ ወገን ሰዎች መካከል በቀኝ በኩል ቤካም፣ በግራ በኩል ጊግስ ይጠቀሳሉ።

አሁን ግን ነገሩ ተገልብጧል። አርሰናልን የምትደግፉ (በየቤቱ እንዳላችሁ አውቃለሁ) ቡካዮ ሳካን ተመልከቱት። ግራ እግረኛ ሆኖ ሳለ የሚጫወተው በቀኝ ነው። ማርቲኔሊ በተቃራኒው ቀኝ እግረኛ ሆኖ በግራ ይሰለፋል። የግብፁ ሞሐመድ ሳላህም ግራ እግረኛ ነው። በ2017/18 የውድድር ዘመን ለሊቨርፑል በፕሪሚየር ሊጉ 32 ግብ ያስቆጠረው ከቀኝ መስመር እየተነሳ ነው። ሜሲም በባርሴሎና ዋናው ቡድን ውስጥ መጀመሪያ የታወቀው በቀኝ በኩል ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ግራኙ ከቀኝ መስመር ተነስቶ ወደ ውስጥ ሲሰብር ኳሷ በጠንካራው እግሩ ላይ ሆና ግቡ ከፊቱ ይከፈትለታል። የሚጠብቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግራ እግር ያለው የግራ ተከላካይ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባበት ተከላካዩ በደካማ እግሩ፣ በቀኙ፣ ኳስ ለመንጠቅ ይገደዳል። የሆላንዱ አርያን ሮበን ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይችኑ አንዲት ነገር ነው። ከቀኝ ተነስቶ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ በግራ እግር። ተከላካዩ ያውቃል፣ በረኛው ያውቃል፣ ሻይ ቤት ተቀምጠን የምናየው እኛም እናውቃለን፤ ኳሷ ግን ትገባለች።

“ታዲያ ወደ ውስጥ ከገባ መስመሩን ማን ይይዘዋል?” አለኝ ልጄ ይህን ስነግረው። ጥያቄው ትክክል ነው። መስመሩን የሚይዘው ከኋላ የሚመጣው ተመላላሽ ነው። የእኛን ስም ይዞ በዚህ ሥራ አውሮፓ ላይ የታወቀ ሰውም አለ። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ቼካዊት የሆነችው ቴዎዶር ገብረሥላሴ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ቼክ ሪፐብሊክ ሩብ ፍጻሜ ስትደርስ የቀኝ ተመላላሽዋ ነበር። ከዚያም በጀርመኑ ቬርደር ብሬመን 9 ዓመት ተጫውቷል። እንደ እሱ ያለ ሰው ከኋላ ሲኖር የመስመር አጥቂው ያለ ሥጋት ወደ ውስጥ ይገባል። ከሌለ ግን ወደ ውስጥ የሚሰብር አጥቂ ሜዳውን ያጠብበዋል፣ ሁሉም መሃል ላይ ይተራመሳል። እኛ ደቡብ ጎንደሮች የምንደግፈው ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ያየ ሰው ዳር ላይ ያለ ተጫዋች ለቡድን ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም።

ስለዚህ የልጄ ክርክር እንዲያው የሚጣል አይደለም። መሃል ላይ ረጅም አጥቂ ያለው ቡድን ግራኙን በግራ ቢያቆም ያተርፋል። አሰልጣኙም አልተሳሳተም። በ12 ዓመት ልጅ ላይ ግን ትልቁ ጉዳይ የትኛው ያተርፋል የሚለው አይመስለኝም። በግራ መስመር የቆመ ግራኝ ልጅ ሩጫና ማሻማት ብቻ ተምሮ ሊያድግ ይችላል። በቀኝ የቆመው ፊቱ ወደ ሜዳው መሃል ስለሚዞር የሚያየው ሰው ይበዛል፣ የሚመርጠውም ይበዛል። ለአንድ ዓመት በአንዱ፣ ለሌላው ዓመት በሌላው ቢያጫውቱት እመርጣለሁ። ልጅን በዚህ ዕድሜው “አንተ የዚህ መስመር ነህ” ብሎ መቸንከር እንደ መምህር አይዋጥልኝም።

ግራ ጌታ

በእኛ አገር “ግራ” የሚለው ቃል ራሱ ሸክም አለበት። የተቸገረ ሰው “ግራ ገባኝ” ይላል። ጠዋት የተነሳ ሰው “በቀኝ አውለኝ” ብሎ ይጸልያል። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፣ ሰላምታም አይሰጥበትም። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ዘመን በግራው የጻፈ ልጅ ጣቱ ላይ አለንጋ ያርፍበት ነበር። ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ሆኖ እንደሚወለድና ይህም በሽታ እንዳልሆነ የሚነግረን አልነበረም። ባለቤቴ አሁንም ድረስ የልጅ ልጃችን እንጀራ ሲቆርስ እጁን ታያለች። እሱም ያውቃል። አያቱ አጠገብ ሲቀመጥ ግራ እጁን ጭኑ ሥር ይደብቀዋል። እንግዲህ ቤት ውስጥ “በቀኝህ” የሚባል ልጅ ሜዳ ላይም አባቱ “በቀኝህም ሞክር እንጂ!” ብሎ ሲጮህበት ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ይህን ያነሳሁላት ለባለቤቴ ነው፤ ያስረዳኋትም በቤተ ልሔም ነው። ቤተ ልሔም ከየአገሩ የሚመጡ የድጓ ሊቃውንት የሚያስመሰክሩበት ደብር ነው። እኔ ዳዊት ደግሜ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ስለገባሁ ድጓው ውስጥ አልዘለቅሁም። ማኅሌቱን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቆማሉ። የቀኙን ቀኝ ጌታ፣ የግራውን ግራ ጌታ ይመራዋል። አንዱ ወገን ሲያነሳ ሌላው ይቀበላል። በማዕረግ ቀኙ ይቅደም እንጂ ግራው ከሌለ ተቀባይ የለም፣ ማኅሌቱም አይቆምም። የድሮው ጦርም ቀኝአዝማችና ግራአዝማች ነበረው። (ኳሱን በአገራችን ማዕረግ ብንሰይመው ኖሮ 9 ቁጥሩ ፊታውራሪ ይባል ነበር።) “ግራ ጌታን ማንም አይቆጣቸውም” አልኳት። ሳቀች። እጁን ማየቷን ግን አልተወችም።

ከእኛ አምስት እርምጃ ላይ

በቃና ዘገሊላ ማግስት የሰፈሩ ልጆች የታጨደው ማሳ ላይ ግጥሚያ ያዙ። የልጅ ልጄም ገባ፤ በቀኝ መስመር ቆመ። እኛ በላይኛው በኩል ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠናል። በመጀመሪያው አጋማሽ የቀኝ መስመሩ በእኛ በኩል ስለነበር ልጁ የሚጫወተው ከእግራችን ሥር ነበር ማለት ይቻላል።

አባቱ ዝም አላለም። “ውጣ! ወደ መስመሩ! አሻማ! ለምን ወደዚያ ትዞራለህ?” እኔ ኳሱን ትቼ ልጁን ማየት ጀመርኩ። ኳስ ወደ እሱ በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ኳሷን አይደለም፣ ተከላካዩንም አይደለም፤ እኛን ነው። ዓይኑ ከእኛ ሲመለስ ኳሷ ተነጥቃለች። ጥቂት ቆይቶ ከተከላካዩ ኋላ መቆም ጀመረ። ኳስ እንዳይሰጡት ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ጥያቄ እንዳይመጣበት ከፊቱ ከተቀመጠው ልጅ ጀርባ የሚደበቅ ተማሪ እንዲህ ያደርጋል።

ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎን ተቀያየሩ። የቀኝ መስመሩ ወደ ገደሉ በኩል ሆነ፤ ልጁ የሜዳውን ስፋት ያህል ከእኛ ራቀ። አባቱ መጮኹን አላቆመም፤ ነፋሱ ግን ድምፁን ወደ እኛው ይመልሰው ነበር። ልጁ ሁለት ጊዜ ኳስ ተነጠቀ። አንዴም ኳሷን ወደ ገደሉ ሰድዶ ራሱ ሮጦ አመጣት። አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ውስጥ ሰብሮ ሁለት ልጆች መሃል ያሳለፋትን ኳስ ጓደኛው አገባት። እርግጥ በታችኛው መስመር ኳስ ስለሚበዛ ሁሉን ለእኛ መራቅ መስጠት አይቻልም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አንዴም ቀና ብሎ ወደ እኛ አላየም።

ማታ ልጄን ከቤት ውጭ ይዤው ወጣሁ።

“በረኛው አይሰማህም” አልኩት። “አማካዩም አይሰማህም። የአንተ ልጅ ግን የመስመር ተጫዋች ነው። ከአንተ አምስት እርምጃ ላይ ነው የሚጫወተው። ትንፋሽህን ሳይቀር ይሰማል።”

“አባባ፣ እኔ እኮ ለእሱ ብዬ ነው።”

“አውቃለሁ። በአገራችን በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ አይቆጣም ይባል የለ? እረኛው የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢመታ እንኳ ጨዋታ ነው ተብሎ ይታለፋል። አንተ ልጅህን ምን አድርጎህ ነው?”

ብዙ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ የጠየቀኝ ስለ ሆድ ሕመሙ ነበር፤ እናቱ እንደነገረችኝ ገምቷል። የማውቀውን ነገርኩት።

አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ አሰልጣኙን ለብቻው፣ ልጁ በሌለበት አነጋገረው። እኔ የመከርኩት “ለምን በቀኝ አደረግኸው?” ብሎ እንዳይጀምር፣ “ምን እንዲማር ፈልገህ ነው?” ብሎ እንዲጠይቅ ነው። በሁለቱ አጠያየቅ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ መምህር ሆኜ በሁለቱም ተጠይቄ አውቃለሁ። አሰልጣኙም ልጁ ቀና ብሎ ማየት እንዲለምድ እንዳሰበ፣ ሁሉንም ልጆች በየጥቂት ወሩ ቦታ እንደሚያቀያይር ነገረው። ልጄ አሁን የሚቆመው ከግቡ ኋላ በኩል ነው። ከዚያ የሚታየው ሌላ ጨዋታ ነው ይለኛል። የልጁ ሆድ ሕመም ጨርሶ አልጠፋም። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ቀርቷል፣ አባቱም አላስገደደውም።

ሰሞኑን ስልክ ደወለልኝ።

“አባባ፣ አሁን ደግሞ የግራ ተመላላሽ አድርጎታል።”

“ለምን እንደሆነ ጠየቅኸው?”

“አሰልጣኙን አልጠየቅሁም። ልጁን ጠየቅሁት። ብዙ ያስሮጣል፣ ግን ደስ ይላል አለኝ።”